የክትባት አስታዋሽ መልእክት የጀመረውን ያስጨርሳል፤ ያልጀመረውን ግን አያገኝም

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በየዓመቱ በሚያወጡት የክትባት ሽፋን ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢትዮጵያ ውስጥ 917 ሺህ ሕፃናት የመጀመሪያውን ፀረ-አምስት ክትባት እንኳ ሳያገኙ ቀርተዋል። ከናይጄሪያና ከሕንድ ቀጥሎ አገራችንን ከዓለም ሦስተኛ ያደረገ ቁጥር ነው። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ቶሎ ከሚቀርቡት መፍትሔዎች አንዱ ለወላጆች በስልካቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ነው፤ ቀጠሮው ሲቃረብ «ልጅዎን ያስከትቡ» የሚል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ተራው ቁልፍ ስልክ ላይም ይገባል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን ከእነዚህ 917 ሺህ ሕፃናት የአብዛኞቹን ቤት ይህ መልእክት አያንኳኳም። መልእክት የሚላከው ስልክ ቁጥሩ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ሰው ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ቢያንስ አንዴ ጤና ተቋም የረገጠ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤቱ ድረስ የሄደችለት ሰው ነው።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ያልጀመሩ ልጆች አሉ፣ ጀምረው ያቋረጡ ልጆች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል የመጀመሪያውን ፀረ-አምስት የወሰዱት ከመቶ 73 ነበሩ፤ ሦስተኛውን የወሰዱት ግን ከመቶ 53 ብቻ። ከመቶ ሕፃናት 27ቱ አልጀመሩም፣ 20ዎቹ ደግሞ ጀምረው መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። እነዚያ 20ዎቹ ካርድ አላቸው፣ ስማቸው መዝገብ ላይ አለ፣ እናታቸው ጤና ኬላው የት እንዳለ ታውቃለች፣ ልጇን ለመርፌ ለመስጠትም አንዴ ፈቅዳለች። የስልክ መልእክት የተሠራው ለእነሱ ነው።

ከየት ላይ እንደሚቀሩ ለማየት የክትባቱን ፕሮግራም መከተል ይበቃል። ልጁ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የፖሊዮ ክትባት ይሰጠዋል። ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ፀረ-አምስቱ ይመጣል፤ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታ ቢንና ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ማለት ነው። የፖሊዮ፣ የሳንባ ምችና የሮታ ክትባቶችም በእነዚሁ ቀናት ይሰጣሉ። ቀጠሮዎቹ የሚራራቁት በአራት በአራት ሳምንት ስለሆነ እናትየው ገና አራስነቱ ሳይለቃት፣ ጎረቤትም እየጠየቃት ትመላለሳለች። ከ14ኛው ሳምንት በኋላ ግን ረጅም ዝምታ ይመጣል። ቀጣዩ የኩፍኝ ክትባት በ9ኛው ወር ነው፤ በመሃል ስድስት ወር ገደማ አለ። ሁለተኛው ኩፍኝ በ15ኛው ወር ነው፤ ሌላ ስድስት ወር።

በእነዚህ ወራት ብዙ ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ የወለደች ሴት ወደ ባሏ ቤት ትመለሳለች፤ የተመዘገበችበት ቀበሌና የምትኖርበት ቀበሌ ይለያያል። አጨዳ ይደርሳል። በቀን ሥራ የምትተዳደር ከሆነች ወደ ሥራ ትመለሳለች። ልጁም ወፍሮ፣ ድኾ፣ ጤነኛ ሆኖ ይታያል፤ ጤነኛ ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ማንም ቤት አስቸኳይ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በመደበኛው ፕሮግራም የገባው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ የቀድሞ ልጆቿን በ9 ወር «ጨርሰሻል» ተብላ የተሸኘች እናት ሌላ ቀጠሮ መኖሩን የምታውቅበት ምክንያት የለም። አንድ ወረዳ ለአስታዋሽ መልእክት የሚመድበው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ በሁሉም ቀጠሮ ላይ ከሚበትነው ለ9ኛውና ለ15ኛው ወር ቢያውለው ይሻላል እላለሁ። ኩፍኝ ከፍተኛ ተላላፊ ስለሆነ ወረርሽኙን ለማቆም ከመቶ 95 የሚሆኑ ልጆች ሁለቱንም ዙር መውሰድ አለባቸው። የሚረሳውም ይኸው ነው።

መልእክቱ በእርግጥ ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ፤ ወጥ ግን አይደለም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ 75 ጥናቶችን ተመልክቶ፣ በደብዳቤም ይሁን በስልክ ወይም በጽሑፍ መልእክት ሰውን ማስታወስ የሚከተቡትን ሰዎች በአማካይ ከመቶ በ8 ያህል እንደሚጨምር ደምድሟል። በዚምባብዌዋ ካዶማ ከተማ በተደረገ ጥናት መልእክት ከደረሳቸው እናቶች ልጆች የ14ኛ ሳምንቱን ክትባት ያገኙት ከመቶ 95 ሲሆኑ፣ ካልደረሳቸው ግን 75 ነበሩ። በሌላ በኩል ኒውዮርክ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት መልእክት ሲላክ የታየው ልዩነት በ43.6 እና በ39.9 መካከል ያለው ብቻ ነው፤ አራት እንኳ አይሞላም።

እኛን በቅርብ የሚመለከተው ጎንደር ከተማ ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ነው። 426 እናቶች ከነሕፃኖቻቸው በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ከቀጠሮ በፊት መልእክት ይደርሳቸው ነበር፤ ሌሎቹ እንደተለመደው ካርዳቸውን ብቻ ይዘው ሄዱ። ሁሉንም ክትባት የጨረሱት መልእክት ከደረሳቸው ወገን 82.6 ከመቶ፣ ካልደረሳቸው ወገን 70.9 ከመቶ ሆነ። ጥሩ ነው። ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ ክትባቱን በየቀጠሮው ቀን፣ ሳይዘገዩ የወሰዱት 63.3 ከመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 39 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድ ወር የዘገየ የትክትክ ክትባት ማለት ሕፃኑ ትክትክ ሊገድለው በሚችልበት ዕድሜ አንድ ወር ያለ መከላከያ ቆየ ማለት ነው። በሽፋን ሪፖርት ላይ ግን የዘገየውም በጊዜው የተከተበውም አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ለእኔ የመልእክቱ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ አጠገብ የኬንያውን ጥናት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በምዕራብ ኬንያ ሲያያ በሚባለው አካባቢ 152 መንደሮች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ምንም ካልተላከላቸው መንደሮች ልጆች ከመቶ 82ቱ በ12 ወራቸው ክትባታቸውን ጨርሰው ተገኙ፤ መልእክት ብቻ የተላከላቸው 86 ሆኑ፤ ከመልእክቱ ጋር በየክትባቱ 75 ሽልንግ የተሰጣቸውም ያው 86፤ ከመልእክቱ ጋር 200 ሽልንግ የተሰጣቸው ደግሞ 90 ደረሱ። አጥኚዎቹ «ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም» ብለው በልበ ሙሉነት የተናገሩት ስለ መጨረሻው ብቻ ነው። 200 ሽልንግ በዚያን ጊዜ ከሁለት ዶላር ጥቂት ይበልጥ ነበር። አንድን እናት ከቤቷ የሚያስቀራት የትራንስፖርት ዋጋ ወይም የቀረ የቀን ገቢ ከሆነ፣ ቀኑን ደጋግሞ መንገር የጎደለውን ገንዘብ አይሞላም። ቀኑን እሷም ታውቀዋለች።

የጎንደሩ ውጤት ስልክ ባላቸው የከተማ እናቶች ላይ የተገኘ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የራሳቸው ሞባይል ያላቸው ሴቶች ከመቶ 27 ነበሩ፤ ወንዶቹ 55። ማንበብ የሚችሉት ሴቶች ከመቶ 42። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጣም ተስፋፍቷል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ብቻ ከ80 ሚሊዮን አልፈዋል። ነገር ግን የሲም ካርድ ብዛት የእናቶች ብዛት አይደለም። ብዙ ቦታ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የባል ቁጥር ነው፤ ባልየው ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ የጎረቤት ቁጥር ነው። አንዳንዱ ከስድስት ወር በኋላ የማይሠራ ነው። ስለዚህ እናትየው በመጣች ቁጥር «ይህ ስልክ አሁንም ይሠራል? የማን ነው? ጽሑፍ ይሻላል ወይስ ድምፅ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ሚዛኑ ሁሉ የክትባት ቀን ሥራ አካል መሆን አለበት። የአባት ቁጥር መሆኑን እንደ ጉድለት ብቻ አላየውም፤ ልጁ የእሱም ነው፣ ለታክሲ የሚሆነው ገንዘብም ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ኪስ ነው።

ማንበብ ለማይችሉት ድምፅ አለ፤ አገራችንም በዚህ አዲስ አይደለችም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የተባለው መስመር ለገበሬው አማርኛን፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን ጨምሮ በተለያዩ ቋንቋዎች ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በድምፅ ሲነግረው ኖሯል፤ ሚሊዮኖች ደውለውለታል። ኮሮና በገባ ጊዜ ደግሞ ስልክ በደወልን ቁጥር ከጥሪው በፊት እጅ ስለ መታጠብ የሚነግረንን ድምፅ ሁላችንም እናስታውሳለን። መሣሪያው አለ ማለት ነው። ከድምፅ የሚጠቀሙት ደግሞ ማንበብ የማይችሉት ብቻ አይደሉም፤ ቋንቋቸው በስልካቸው ላይ በማይጻፍበት ሁሉ ድምፅ ይሻላል።

የጽሑፍ መልእክቱን ራሱን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት እስከ 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ለሁለት ተከፍሎ የሁለት ይከፈልበታል። በአንድ ክልል በሚሊዮን ለሚላክ መልእክት ይህ ትልቅ የበጀት ልዩነት ነው። ለዚህ ተብሎ አማርኛውን በላቲን ፊደል መላክ ግን ጥፋት ይመስለኛል፤ በትምህርት ቤት ፊደል ብቻ የለየችውን እናት በር ዘግቶ ማስቀረት ነው። 70 ደግሞ ከተጠነቀቁ ይበቃል። ለምሳሌ፦ «የልጅዎ የኩፍኝ ክትባት ማክሰኞ ሐምሌ 8 ጠዋት 3 ሰዓት በጤና ኬላው ነው። ካርዱን ይዘው ይምጡ።» ክፍት ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 61 ነው። የትኛው ክትባት፣ ዕለቱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና መያዝ ያለበት ነገር ሁሉ ገብቷል። ስለ ክትባት ጥቅም ስብከት የለበትም፤ ያ ሥራ የምክር ጊዜ ነው።

ሰዓቱና ቀኑ ቀላል ጉዳይ መስሎ ይታያል፤ ግን ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ውጭ አገር የተሠራ ሲስተም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን 9:00 ብሎ ይልካል። ገጠር ያለች እናት 9 ሰዓት ስትል ከሰዓት በኋላ ማለቷ ነው፤ ስትደርስ ከታቢዋ ዕቃዋን ሰብስባ ሄዳለች። ዕለቱን በስሙ መጥራት፣ ከተቻለም ከገበያ ቀን ጋር ማገናኘት ከቁጥር ይልቅ ይታወሳል። ሌላም አለ። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ ከዚያ በፊት ሕፃኑን ከቤት ማውጣት የማይወዱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። የ6ኛ ሳምንቱ ክትባት 42ኛው ቀን ላይ ነው፤ የወንዱ ክርስትና ባለፈ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ለሴቷ ግን የ6ኛውም የ10ኛውም ሳምንት ቀጠሮ ከክርስትናዋ በፊት ይውላል። ለሴት ልጅ እናት የሚላከው መልእክት ይህን አውቆ የተዘጋጀ ቢሆን፣ ከመልእክቱም በፊት ቄሱ «ለክትባት መውጣት ችግር የለውም» ብለው ቢናገሩ፣ ከአሥር መልእክት የበለጠ ይሠራል።

መልእክቱ ከማን እንደመጣም ያስጨንቃል። ስልካችን በአራት አኃዝ ቁጥሮች ማስታወቂያ ተጥለቅልቋል፤ ሰው ሒሳቤን ይቆርጥብኛል ብሎ ሳያነብ ያጠፋል። የክትባት መልእክት በአንድ በማይቀያየር ስምና ቁጥር መምጣት አለበት፤ ያንንም ቁጥር ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ጽፋ «በዚህ እንልክልዎታለን፣ ገንዘብ አይቆርጥም» ብላ ማሳየት አለባት። ምን እንደሚጻፍበትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልኩ የቤቱ ሁሉ ስለሆነ የእናትየው የጤና ሁኔታ የሚገለጥበት ቃል አይግባበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት መካከል ያስቀምጠዋል። ስልክ ቁጥሯ ለክትባት ብቻ እንደሚውል እናትየው ማወቅ ይገባታል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እናትየው በቀኗ ብትመጣስ? ብዙ የሚያበሳጨኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የኩፍኝ ክትባት ደረቅ ዱቄት ሆኖ በብልቃጥ ይመጣል፤ አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለአሥር ልጆች ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ የተረፈው ይጣላል። የሳንባ ነቀርሳውም እንደዚያው ነው። ፀረ-አምስቱ ግን ፈሳሽ ሆኖ እንዳይበከል የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ስላለበት በደንብ ቀዝቅዞ ከተያዘ ተከፍቶም እስከ 28 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ለፀረ-አምስት የመጣችው እናት ትስተናገዳለች፤ ለኩፍኝ ሦስት እናቶች ብቻ ከመጡ ግን ባለሙያዋ ለሰባት ልጆች የሚሆነውን ክትባት ላለመጣል «ልጆች ሲሟሉ ሐሙስ ተመለሱ» ትላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት ይላል። ባለሙያዋ ግን የምትጠየቀው በባከነው ክትባት ነው፤ ሳይከተብ ስለተመለሰው ልጅ የሚጠይቃት የለም። ሁለት ሰዓት ልጅ አዝላ የመጣች ሴት ሳትስተናገድ ስትመለስ ሐሙስ የመምጣቷ ነገር ያጠራጥራል። ቀጥሎ የሚደርሳትን መልእክትም አታምነውም።

መልእክቱ ግን ይህንኑ ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ አዘጋጆቹ ከእናትየው የመርሳት ችግር ብቻ ካልተነሱ። የቀበሌው የኩፍኝ ቀጠሮዎች በየልጁ ቀን ተበታትነው ከሚላኩ፣ 9 ወር የሞላቸውን ልጆች አሰባስቦ ለሁሉም አንድ ቀን መጥራት ይቻላል። አሥር እናቶች አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከመጡ ብልቃጡ ያለ ስጋት ይከፈታል። ይህ የሚሆነው ግን የመልእክቱ ኮምፒውተር ከጤና ኬላው የክትባት ቀንና ከማቀዝቀዣው ክምችት ጋር ሲነጋገር ነው። ወረዳው ላይ ክትባቱ አልቆ፣ ከአዲስ አበባ ግን «ይምጡ» የሚል መልእክት መላክ ከዝምታ የከፋ ነው።

ወደ ያልጀመሩት ልጆች ልመለስ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙ ሕፃናት አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 89፣ አፋር ላይ 15 ነበሩ። ይህን ልዩነት የፈጠረው የማስታወስ ጉዳይ አይደለም። ከብቶቹን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ጤና ኬላው እሱ ካለበት ርቆ ይቀራል። ትግራይ ውስጥ በጦርነቱ ጊዜ በአብዛኛው አካባቢ ለሁለት ዓመት ገደማ ስልክ ራሱ አልነበረም፤ ጤና ተቋማትም ወድመዋል። እነዚህን ልጆች የሚያገኛቸው እግር ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ተንቀሳቃሽ ቡድኑ፣ የሰፈሩን አራስ ሁሉ የምታውቀው ሴት። ሕንድ ሃሪያና ውስጥ የተደረገ ትልቅ ጥናት የመንደሩን ሰዎች «ወሬ በደንብ የሚያዳርስ ማነው?» ብሎ ጠይቆ፣ የተጠቆሙትን ሰዎች ስለ ክትባት ቀን እንዲያወሩ አደረገ። ምንም ስጦታ ሳይሰጥ፣ እነዚህን ሰዎችና ለወላጆች የሚላክን መልእክት ማጣመር ለወጣው ገንዘብ ከሁሉ የተሻለ ውጤት አስገኘ። ዕድርና የቡና ማኅበር ላለው አገር ይህን ሞክሮ ማየት ከባድ አይደለም።

ለዚህም ነው መልእክቱ ሁለተኛ ተቀባይ ሊኖረው ይገባል የምለው። ቀጠሮዋ አልፎ ሳምንት ድረስ ያልመጣች እናት ስም ወዲያውኑ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስልክ መድረስ አለበት፤ ከወር በኋላ በሪፖርት ሳይሆን በዚያው ሳምንት። ባለሙያዋ በአንድ ቀን መቶ ቤት ማንኳኳት አትችልም፤ አራት ወይም አምስት የታወቁ ቤቶችን ግን ትችላለች። መልእክት አስታውሷቸው የሚመጡት በራሳቸው ሲመጡ ለእሷ ጊዜ ይተርፋታል፤ የተረፈውም ጊዜ ስማቸው መዝገብ ላይ ወደሌለ ቤቶች መሄጃ ይሁናት።

አንድ ሌላ መልእክትም አለ፤ እስካሁን ባየኋቸው ጥናቶች ውስጥ ብዙም ሲነሳ አላጋጠመኝም። ክትባቱ ካልመጣ፣ ማቀዝቀዣው ከተበላሸ፣ ባለሙያዋ ለሥልጠና ከተጠራች በዋዜማው «የነገው ክትባት ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፣ ይቅርታ» የሚል ይላክ። ከአስታዋሹ የበለጠ ገንዘብ አይጠይቅም። ወረዳው ይህን መላክ ከቻለ «ማክሰኞ 3 ሰዓት ይምጡ» ያለውም ይታመናል።